ጋረደው የቀዳው ካሴት

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ፣ ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ፣ ጋረደው ካሴት የሚቀዳበት ቤት ነበረው። ቤት ካሉት ነው፤ ዙሪያው ቆርቆሮ ነው። እኔ በሩ ላይ ሻይ አፈላለሁ። ከሻ ሲመጣ፣ ያው ፖሊስ ሻይ ሻጭ ሲያሳድድ ማለቴ ነው፣ ምድጃዬንና ብርጭቆዎቼን ወደሱ ቤት አሸሻለሁ፤ ሲያልፍ መልሼ አወጣለሁ። እንዲህ ሆነን ስንት ዘመን ኖረናል። ስለ ጋረደው የሚያወራ ሰው ካለ እኔ ባንቺአየሁ ነኝ፤ ሌላው ከመንገድ የለቀመውን ነው።

ዋናውን መጀመሪያ ልበልና ልገላገል። ጋረደው የአዝማሪ ልጅ ነው። አባቱ የጭልጋው አዝማሪ ሰማኸኝ ነው። ይህን ገዳሪፍ ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ኡም ራኩባ መጠለያ ስንገባ ገና ጢም ያላወጣ ጎረምሳ ነበር፤ ማሲንቆ በጀርባው አንግቷል። መንገድ ላይ ተኩስ ተነሥቶ ከአባቱ እንደተጠፋፉ ነግሮኝ እንደ ሕፃን አልቅሷል። ለስንዴ ብሎ ሲጫወት ሰዉ «ያ አዝማሪ» ይለው ጀመር። ስሙን የሚጠራ የለም። ውሃ ሊቀዳ ሲሰለፍ እንኳ «አዝማሪ ደግሞ ከሰው ፊት ይቆማል?» እያሉ ወደ ኋላ ይገፉታል። ወደ ገዳሪፍ የሄደ ቀን ማሲንቆውን ሰባብሮ ምስር ከምቀቅልበት ድስት ሥር ማገደው።

«ባንቼ፣ ይሄን አላየሽም» አለኝ።

አላየሁም አልኩት። ምስሩ በሰለ፤ አብረን በላነው።

ገዳሪፍ ሲገባ «ጋረደው ዳኛው» ሆነ። አባቴ በረሃቡ ሞቷል ይላል። እኔም ኋላ መጥቼ ሳገኘው የማውቀውን ውጬ ዝም አልኩ። የሰው ገመና ነው፣ ምን አገባኝ።

መቼም ደም አይደበቅምና ሰውየው ዘፈን ሲነሣ አያስችለውም። ካሴት ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ከሰዓት በኋላ የማይቀመጥ ሀበሻ አልነበረም። ሁዜይፋ የሚባል ሱዳናዊ የመኪና ሹፌርም ነበር፤ አማርኛ አንድም አይሰማ፣ አማርኛ ዘፈን ሲሰማ ግን እንባው ዱብ ዱብ ይላል። አንድ ቀን እንደዚሁ ሲያለቅስ ጋረደው በዐረብኛ፣

«ያ ሁዜይፋ፣ ምን እንደሚል ታውቃለህ? ድግስ ጠርቶ ወጥ ስላሳነሰ ንፉግ ነው የሚዘፍነው» አለው።

ሁዜይፋ እንባውን ጠረገና «ይሁን፣ እኔ የማለቅሰው ለራሴ ነው» አለ። ወንበሩ ሙሉ ሰው በሳቅ ወደቀ።

ከዚያ ወሬው ይከተላል። የሱዳን ዘፈንና የኛ ዘፈን ለምን ጆሮ ላይ ይገጥማል? ጋረደው በጣቱ ይቆጥራል። እነሱም እኛም በአምስት ድምፅ ነው የምንዘፍነው፤ ለግብፅ ሰው ባዕድ የሆነው የሱዳን ዜማ ለጎንደር ሰው የጎረቤት የሚሆነው ለዚህ ነው ይላል። ከሰላ ያሉት ቤጃዎች ባሲንኮብ የሚሉት መሣሪያ እንዳላቸው የነገረንም እሱ ነው። ስሙን ሲሰሙት ማሲንቆ ይመስላል፤ ሲያዩት ግን በጣት የሚመታ ክራር ነው። ስሙ ተጉዞ ሌላ ዕቃ ላይ ዐረፈ ማለት ነው? ወይስ ዕቃው ነው የተለወጠው? በዚህ ነገር ስንት ሻይ ተጠጥቷል። ደግሞ ካሴት ላይ ማሲንቆ ሲሰማ ጆሮውን ቀና ያደርግና «ይሄ ሰው ጭራውን ሙጫ አልቀባም፤ ስሙት ሲያንሸራትተው» ይላል።

«አንተ ይሄን ሁሉ ከየት አመጣኸው?» ሲሉት፣

«ከሬድዮ» ይላል። እኔ ብርጭቆ እንደማጥብ ሆኜ አጎነብሳለሁ።

ከወንበሩ ሰዎች ትልቁ ጋሽ ታምሬ ነው፤ የሰሊጥ ነጋዴ፣ የተከበረ፣ ዘሩን የሚቆጥር ሰው። ጋረደውን ይወደው ነበር። ጋረደው ደግሞ የልጁን የአምሳለን መንገድ ሲያይ ነው የሚውለው። አንድ ቀን ጋረደው ራሱ፣ ምን እንዳቅበጠበጠው እንጃ፣ አዝማሪና መዝሙር ከአንድ ቃል እንደመጡ፣ አዝማሪ ማለት መሠረቱ አመስጋኝ እንደሆነ ይተነትናል።

«ታዲያ አንዱን ጫማ አውልቀን እየሰማን ሌላውን ለምን እንሰድባለን?» አለ።

ጋሽ ታምሬ ሻዩን ጠጣና «ዘፈኑን እወዳለሁ» አለ። «ዘፋኙን ግን ለልጄ አላደርገውም። ሰው ሁሉ በየቦታው ነው።»

ጋረደው ሳቀ። ያለ ልክ ሳቀ። እኔ ነኝ ያፈርኩት፤ ፊቴን ወደ ምድጃው አዞርኩ።

ደርግ ከወደቀ በሁለት ሦስት ዓመት ጋረደው ሽማግሌ ላከ። በኛ ወግ ዘር ይቆጠራል፤ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና እንዳይኖር። እኔ ላግዝ ሄጄ ጋሽ ታምሬ ቤት ጓዳ ነበርኩ፤ እጄ ሊጥ እንደያዘ ቆሜ ቀረሁ፣ አሁን ጉድ ፈላ ብዬ። ጋረደው ግን ቁጠር ሲሉት ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። ዳኛው፣ ግራዝማች በላቸው፣ እንግዳው፣ ዘለለው፣ ወንድይራድ፣ እያለ አንዴም ሳይደናቀፍ ሰባቱን ጨረሰ። ሽማግሌዎቹ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደሱ አድርጎ አባቶቹን የሚያውቅ ወጣት በስደት አገር ከየት ይገኛል?

በኋላ ብቻውን ሳገኘው «የማንን ዘር ነው የቆጠርከው?» አልኩት።

መሬት መሬት እያየ «የግራዝማች በላቸውን» አለ። «አባዬ ደጃቸው ላይ ሲያወድሳቸው ነው ያደግሁት። በቃሌ ነው የማውቀው። ልጃቸው ዳኛው በደርግ ጊዜ ሞቷል፤ ቤተሰቡም ተበትኗል፤ ማን መጥቶ ይጠይቃል?»

 «የአባትህ አፍ ያስተማረህን ይዘህ አባትህን ካድክ?»

«ባንቼ፣ አምሳለን ይከለክሉኛል።»

እውነቱን ነው፤ ይከለክሉታል። ወደ ምድጃዬ ተመለስኩ።

የቀለበቱ ድግስ በኅዳር፣ የሰሊጥ አጨዳው ሲያልቅ ነበር። ማታ ዘፈን የሰማ ፖሊስ ይመጣልና በቀን፣ ግቢ ዘግተን ነው። ጋረደው የሙያ ነገር ሆኖበት ጠዋት መጥቶ ትልቁን ቴፕ ጠረጴዛ ላይ አቁሞ፣ ባዶ ካሴት አስገብቶ፣ ድምፅ መቅጃውን አንጠልጥሎ አዘጋጀ። ጋሽ ታምሬ ደግሞ የራሱን አዘጋጅቶ ኖሯል። ምግቡ ከተነሣ በኋላ ተነሥቶ፣

«ሙሽራችን አዝማሪ አዝማሪ ሲል አይደል የሚውለው? ከቁረይሻ እርሻ አስመጣሁለት። ከአጫጆቹ ጋር የወረደ የአገሩ ሰው ነው» አለ።

በሩ ተከፍቶ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ገባ። የተጣጠፈ ጋቢ፣ አቧራ የጠጣ ጫማ፣ ማሲንቆ። እጅ ነሥቶ ዳር ላይ ቆመ።

«ስምህ ማን ነው አንተ?» አሉት። በዕድሜ አባታቸው ነው፤ አዝማሪ ስለሆነ አንተ ነው።

«ሰማኸኝ፣ ጌታዬ።»

የያዝኩትን ትሪ መሬት አስቀመጥኩ። ጋረደውን አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ከአምሳለ አጠገብ እንደተቀመጠ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጣቶቹን ያያል።

ሽማግሌው መጀመሪያ አላወቀውም። ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ጎረምሳ የነበረው ጢም አውጥቶ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል። አዝማሪ መቼም ከማወደሱ በፊት ዘር ይጠይቃልና «የማን ልጅ ናቸው ሙሽራው?» አለ። ጋሽ ታምሬ ደረቱን ነፍቶ ቆጠረለት፤ ዳኛው፣ ግራዝማች በላቸው፣ እንግዳው፣ ዘለለው። ሽማግሌው ጭራውን ክሩ ላይ እንዳደረገ ቆመ። ቀና አለና ሙሽራውን አየው። ከዚያ ከኪሱ ሙጫ አውጥቶ ጭራውን ይቀባ ጀመር፤ ደጋግሞ፣ ቀስ ብሎ፣ የተቀባውን እንደገና። እኔ ያኔ አወቀው አልኩ።

ሲጀምር ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ።

«የበላቸው ልጅ ልጅ የጎበዞቹ ዘር፣
ቤቱ ሰፊ ነበር ለመንገደኛ አዳር።»

ልጁን በሰው አባት ስም አወደሰው። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። አምሳለም እልል አለች። ሽማግሌው ዓይኑን ከጋረደው ላይ አላነሣም፤ ስንት ዘመን ያላየውን ሲያይ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል? ጋሽ ታምሬ ይህን አየና ሳቅ እያለ፣

«አንተ አዝማሪ፣ ሙሽራችን ላይ ዓይንህን ተክለህ ቀረህ። ታውቀዋለህ እንዴ?» አለው።

ለቀልድ ነው ያለው። ግን ሰዉ ሁሉ ወደ ሁለቱ ዞረ፤ ሽማግሌው ገና አፉን ሳይከፍት ጋረደው ከመቀመጫው ተነሣ።

«ተቀበል አዝማሪ» አለ።

ተቀበል ያለ ሰው ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪ የተሰጠውን ሳይጨምር ሳይቀንስ በዜማ ይመልሳል። ቢያሞግሱት ያንኑ፣ ቢሰድቡትም ያንኑ። የሰጡትን ግጥም መመለስ ያቃተው አዝማሪ ማሲንቆውን ይስቀል ነው የሚባለው። ጋረደው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ከአዝማሪ ጋር የሚያገናኘው ነገር እንደሌለ በአንድ ጊዜ ለማሳየት የመጣለት ይህ ሆነ፦

«አባቱ አዝማሪ ነው ልጁም ነው አዝማሪ፣
እንጀራው ከሰው አፍ ከሰው ደጅ አዳሪ።»

ወንዶቹ አጨበጨቡ።  ሽማግሌው ጭራውን ሳበና፣

«አባቱ አዝማሪ ነው ልጅ የለው አዝማሪ፣
እንጀራው ከሰው አፍ ከሰው ደጅ አዳሪ» ብሎ መለሰ።

«ኧረ ሳተ» አሉ። «ልጁም ነው አዝማሪ ነው የተባልከው።» ጋሽ ታምሬ ራሱ ቃል በቃል ደገመለት። ሽማግሌው እሺ ጌታዬ ብሎ እንደገና ጀመረ፤ እንደገናም «ልጅ የለው አዝማሪ» አለ። ሦስተኛም ቢሉት ያው። ሰዉ በሳቅ ሞተ። አርጅቷል፣ ጆሮው ሄዷል፣ አገር ቤት ያልፈለጉትን ነው ወደኛ የሚልኩት ተባለ። ዕድሜ ልኩን ግጥም ሳይጥል የኖረ ሰው፣ ልጁን ከስድቡ ለማውጣት ብሎ በሙያው ተሳቀበት። ጋረደው ሁሉም ገብቶታል። ቆሞ ሳቀ እኮ። ከነሱ ጋር ሳቀ።

«ሸልመው እንጂ ሙሽራው» አሉት። ሄደ። ብሩን በምራቁ አርሶ አባቱ ግንባር ላይ ለጠፈ። ጉልበት ስሞ መመረቅ በነበረበት ሰዓት። አባቱ ጎንበስ ብሎ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ» አለው።

ሊወጣ ሲል በር ላይ ቀድሜ ያዝኩት። የቋጠርኩለትን ምግብ እየሰጠሁ «አባቴ፣ ልጅዎ እኮ...» ስል አቋረጠኝ።

«ልጅ የለኝም እህቴ። ሲዘፈን አልሰማሽም?» አለ። ከዚያ ወደ ውስጥ በአገጩ አመለከተና «ሚስቱ ደግ ትመስላለች» ብሎ ወጣ።

ጋረደው በማግስቱ ቁረይሻ ወረደ። አጫጆቹ ተበትነዋል፤ ሽማግሌውም በመተማ በኩል ተሻግሯል። መተማ ሩቅ አይደለም፤ ሰላም ነው፤ መኪና አለ። ተከትሎ መሄድ ይችል ነበር። ተመልሶ መጣና አገባ።

ካሴቱ ግን ቀረ። ያን ቀን ሲቀዳ የዋለው ካሴት። ጋሽ ታምሬ «የአማቼ ዘር የተወደሰበት» እያለ ለዘመድ ሁሉ ያስቀዳው ጀመር። ከዚያ ሌላውም ወደደው፤ ለውዳሴው አይደለም፣ ግጥም ለጠፋበት አዝማሪ ነው። ከከሰላ ይጠየቃል፤ ከወድ ኤል ሒለው ይጠየቃል። ሹፌሮች ሦስተኛው ስህተት ላይ ሲደርስ አብረው ይስቃሉ። ጋረደው የለኝም አይል ነገር፣ ያለው እሱ ዘንድ ነው። ሲቀዳ ድምፁን ያጠፋዋል። የድምፅ መለኪያዋ መርፌ ብቻ ከፍ ዝቅ ስትል ያያል፤ የቱ ላይ እንደደረሰ ከመርፌዋ ያውቃል። ስንት ጊዜ ያን ሲያደርግ አይቼ ሻይ ሳልሰጠው ተመልሻለሁ፤ ተናድጄበት ነው፣ አዝኜለትም ነው።

ወንበሩ ላይ ወሬው አልቆመም። ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ፣ ዘፈኑ ካሴት መሆኑ ቀርቶ ሲዲ ሆነ። ጋረደው ስለ ዋሽንት ያወራል፣ ስለ ከበሮ ያወራል። ማሲንቆ ሲነሣ ውሃ ልጠጣ ብሎ ይወጣል።

ልጁ ሄለን እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት፤ አማርኛዋን ከዐረብኛ ትቀላቅላለች፤ ኮምፒዩተር ታውቃለች። በሁለት ሺህ ሁለት ክረምት ላይ የቆዩትን ካሴቶች ለስልክ እንዲሆኑ እየገለበጠች ያንን አገኘችው። እሷ ድምፁን አላጠፋችም። ጋሽ ታምሬ በከዘራው ተደግፎ ወንበሩ ላይ ነበር፤ ሁዜይፋም ነበር፤ ሰዉ ገና ስህተቱ ሳይደርስ ፈገግ ማለት ጀመረ። ሄለን ግን አልሳቀችም። ሦስቱንም ሰማችና መልሳ ሰማች።

«ባባ፣ ይሄ ሰውዬ ያኒ አልተሳሳተም እኮ» አለች። «ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ነው ያለው። የተሳሳተ ሰው አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ ነው የሚለው። ልጅ የለውም እንዴ በእውነት?»

ጋረደው አልተነሣም። ውሃም ልጠጣ አላለም። «አለው» አለ።

«ወላሂ? የት ነው?»

«ይኸው» አለና ደረቱን ነካ።

ጋሽ ታምሬ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሻዩ ግማሽ ነበር። ከዘራውን ይዞ ማንንም ሳያይ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ወንበር ላይ አልተቀመጠም። እኔ አምሳለ ጥላው ትሄዳለች ብዬ ነበር። አልሄደችም፤ የአዝማሪ ልጅ መሆኑ አላስከፋትም። ያስከፋት ሌላ ነው።

«አማቴ ግንባር ላይ ብር ስትለጥፍ እኔ ተቀምጬ እልል ብያለሁ» አለችው። «እኔንም አሳፈርከኝ። ሂድና አምጣው።»

ሄደ። በመተማ ተሻግሮ ጭልጋ ገባ። ሲመለስ ከቤቱ በፊት ወደ እኔ ነው የመጣው። በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ እኔም አልጠየቅኩትም፤ ራሱ ጀመረ።

«ከሞተ ቆይቷል» አለኝ። «ሲታመም ጎረቤቶቹ ልጅ ካለህ እናስጠራልህ ብለውት ነበር። ልጅ የለኝም አላቸው። ለዚያ ነው ማንም ያልፈለገኝ።»

«ነፍስ ይማር» አልኩ። «መቃብሩን አሳዩህ?»

«አሳዩኝ። ደጎች ናቸው። ቆሜ ሳለቅስ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው፣ ‹አያ ሰማኸኝን የሚያለቅስለት ሰው አለ ለካ፤ የማን ልጅ ነህ ልጄ?› አሉኝ።»

ጫማውን ከአቧራው አራገፈ። 

«ባንቼ፣ አፌ የለመደውን ጀመረ» አለ። «እዚያው፣ እሱ ላይ ቆሜ። ዳኛው፣ ግራዝማች በላቸው፣ እንግዳው። ማቆም አቃተኝ።»

«እነሱስ ምን አሉ?»

«ደስ አላቸው። የግራዝማች ዘር ከስደት ተመለሰ ብለው አቅፈው ሳሙኝ፤ ቤታቸው ወስደው ከላይ አስቀመጡኝ። ‹አያ ሰማኸኝ እኮ የናንተን ቤት ሲያወድስ ነው የሞተው፤ አደራህን ለነፍሱ አንድ ነገር አድርግለት› አሉኝ። እሺ አልኩ።»

ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር። ዓይኑን ሳይ ተውኩት። ሻይ ቀዳሁና በሁለት እጁ አስያዝኩት።